ባለሀብት አሰልጣኝ ሲመርጥ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ኦክቶበርና ኖቬምበር የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኞች የሚባረሩበት ወቅት ነው። የማወራው ስለ እኛ እግር ኳስ አይደለም፤ የራስ ቁር አድርገው በሞላላ ኳስ ስለሚጫወቱት ነው። ቡድኑ ሦስት አራት ጨዋታ ሲሸነፍ አሰልጣኙ ይሰናበታል፣ ከዚያ የስም ግምት ይጀመራል። ማን ይመጣል? ስንት ይከፈለዋል? ሁሉም ይህን ይጠይቃል። ማን ነው የሚመርጠው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ወረቀት ላይ መልሱ ግልጽ ነው። የስፖርት ዳይሬክተሩ ይመርጣል፣ ፕሬዝዳንቱና ቦርዱ ያጸድቃሉ። በተግባር ግን ስታዲየሙን ያሠራው ሰው፣ የተባረረውን አሰልጣኝ ካሳ የሚሸፍነው ሰው፣ ለተጫዋቾች የሚከፈለውን የሚያዋጣው ሰው ስልክ ያነሳል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ከመንግሥት ተከፋይ ሁሉ ትልቁን ደመወዝ የሚወስደው አገረ ገዢው ሳይሆን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት ደግሞ ሁሉም እጁን ያስገባል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ባለሀብት ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ መስጠቱ መልካም ነው። ሐሳቡ ቢሰማም ክፋት የለውም። ነገር የሚበላሸው ቀጣሪው አንድ፣ ወሳኙ ሌላ፣ ዕዳ ከፋዩ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሲሆን ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚህ የሚወለዱ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስጦታን እንደ አክሲዮን መቁጠር

ለዚህ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን ታሪክ የሚያህል የለም። ቡድኑ በ2010 የውድድር ዘመን ከጠበቀው በላይ ሄዶ ፊየስታ ቦውል የተባለው ትልቅ የውድድር ዘመን ማብቂያ ጨዋታ ላይ ደረሰ። በጃንዋሪ 1፣ 2011 በኦክላሆማ 48 ለ 20 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ራንዲ ኤድሶል ከተጫዋቾቹ ጋር እንኳ አብሮ ሳይመለስ ወደ ሜሪላንድ ሄደ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ጄፍ ሃታዌይ በምትኩ የቀድሞውን የሲራኪዩስ አሰልጣኝ ፖል ፓስኳሎኒን ቀጠረ።

ሮበርት በርተን በሕትመት ሥራ የከበረ ሰው ነው። ልጁ ለዚያ ቡድን ተጫውቷል፣ የፉትቦሉ ሕንጻም በቤተሰቡ ስም ተሰይሟል። በዚያው ወር ለሃታዌይ ደብዳቤ ጻፈ። በቅጥሩ ላይ አልተማከርኩም አለ። የሰጠሁትን 3 ሚሊዮን ዶላር መልሱልኝ፣ የቤተሰቤን ስም ከሕንጻው ላይ አንሱ አለ። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣና የግዛቱ መነጋገሪያ ሆነ። ቆይተው ታረቁ፤ ስሙም ሕንጻው ላይ ቀረ። ሃታዌይ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

ፓስኳሎኒ አልተሳካለትም። 28 ጨዋታ መርቶ ያሸነፈው 10 ብቻ ነው፤ በ2013 የውድድር ዘመኑን በአራት ተከታታይ ሽንፈት ጀምሮ ተሰናበተ። ታዲያ በርተን ልክ ነበር ማለት ነው? ስለ አሰልጣኙ ምናልባት። ስለ መብቱ ግን አልነበረም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ያደባልቃል። አንድ ሰው ጥሩ ዓይን ሊኖረው ይችላል፣ ጨዋታውን ከዳይሬክተሩ የበለጠ ሊያውቅም ይችላል፤ ያ ሁሉ ሆኖም የሰጠው ገንዘብ የድምፅ ካርድ አይሆንለትም። ስጦታ ከተሰጠ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ነው። ለዚህም ነው ሕጉ ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ላይ የሚቀንስለት። መልሶ የሚጠየቅና ውሳኔ የሚገዛ ከሆነ ስጦታነቱ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። ገንዘብ ሲለምኑ «እርስዎ እኮ ቤተሰብ ነዎት፣ ያለ እርስዎ ምንም አናደርግም» ይሉና አሰልጣኝ ሲቀጥሩ ስልክ አያነሱም። ሰውየው ቢከፋው ምን ይገርማል? ስጦታው ሲፈረም የሚገባለት ቃል በጽሑፍ ይስፈር። ስሙ የት እንደሚለጠፍ፣ ስንት መቀመጫ እንደሚያገኝ፣ ሐሳቡ እንደሚጠየቅ ይጻፍ። ውሳኔው የእርሱ እንዳልሆነም እዚያው ይጻፍ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው በኋላ ጋዜጣ ላይ መጨቃጨቅ ነው።

በሌላ ሰው አውሮፕላን ተደብቆ መሄድ

ይህ በኦበርን ዩኒቨርሲቲ፣ አላባማ፣ በ2003 የሆነ ነው። ቶሚ ተበርቪል የቡድኑ አሰልጣኝ ነበር፣ ውልም ነበረው። ኖቬምበር ላይ፣ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚደረገው ትልቁ ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ዊልያም ዎከር፣ የስፖርት ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሃውዝልና ሁለት የቦርድ አባላት አውሮፕላን ተሳፍረው ሉዊቪል አጠገብ ወደሚገኝ ትንሽ ኤርፖርት በረሩ። እዚያ የሉዊቪሉን አሰልጣኝ ቦቢ ፔትሪኖን አገኙ። የተበርቪልን ሥራ ለእርሱ ለመስጠት ነው የሄዱት። ተበርቪል አያውቅም። የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲም ፈቃድ አልተጠየቀም።

አውሮፕላኑ የቦቢ ላውደር ኩባንያ ነበር። ላውደር ኮሎኒያል የተባለውን ባንክ የመሠረተ ባለሀብት ነው፣ የኦበርን የቦርድ አባልም ነበር። በዚያን ዘመን ኦበርን ውስጥ ፉትቦልን በተመለከተ ያለ እርሱ የሚሆን ነገር የለም ይባል ነበር።

ኦበርን ያንን ጨዋታ 28 ለ 23 አሸነፈ። ጉዞው በቀናት ውስጥ ተጋለጠ። ደጋፊው ለተበርቪል ቆመ፣ አሰልጣኙም በሥራው ቀጠለ። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፤ ይኼኛው መንገድ ግን ፕሬዝዳንቱን ወንበሩን አስከፈለው፤ ዎከር በጃንዋሪ 2004 ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲዎችን ብቃት የሚመዝነው የደቡብ ግዛቶች ተቋም ኦበርንን በማስጠንቀቂያ ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ከቅሬታዎቹ አንዱ የቦርድ አባላት በአስተዳደርና በስፖርት ሥራ ውስጥ ከልክ በላይ መግባታቸው ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የትምህርት ዕውቅናን የሚመለከት ነው። ኳስ ነክቶ የማያውቅ የኬሚስትሪ ተማሪ ዲግሪ ላይ ጥያቄ የሚያስነሳ ጉዳይ ነው።

ተበርቪልስ? በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004፣ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። ተደብቀው ሊያባርሩት የነበረው ሰው ማለት ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ከተሳፋሪዎቹ ላይ ነው። የመፈረም ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ናቸው። አሰልጣኝ መቀየር ከፈለጉ በቀን ብርሃን፣ በራሳቸው ጽሕፈት ቤት፣ በራሳቸው ስም ማድረግ ይችሉ ነበር። በባለሀብቱ አውሮፕላን ሲሄዱ ውሳኔው የባለሀብቱ መምሰሉ አይቀርም፤ ባይሆንም እንኳ። አሰልጣኝ ፍለጋ የሚወጣ ወጪ፣ የአውሮፕላን፣ የሆቴል፣ የአማካሪ ድርጅት፣ ሁሉም ከዩኒቨርሲቲው ካዝና በደረሰኝ ይውጣ። ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ከቅጥር በኋላ ሬዲዮ ላይ ማውራት

ይህ ደግሞ የባለሀብቶቹ ስህተት ነው። በጃንዋሪ 2014 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቻርሊ ስትሮንግን ቀጠረ። ስትሮንግ ከሉዊቪል ሲመጣ በሁለት ዓመት ውስጥ 23 አሸንፎ 3 ብቻ ነበር የተሸነፈው። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የወንዶች ቡድን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝም ነው። ሬድ መከምብስ፣ በ2000 ለዩኒቨርሲቲው የቢዝነስ ትምህርት ቤት 50 ሚሊዮን ዶላር የሰጠና ትምህርት ቤቱ በስሙ የተጠራለት ሰው፣ ሬዲዮ ላይ ወጣና ቅጥሩን ፊት ላይ እንደ መረገጥ ቆጠረው። ስትሮንግ ጥሩ ረዳት ይወጣዋል፣ ለዋና አሰልጣኝነት ግን አይሆንም የሚል ነገር ተናገረ። የምርጫው ሂደት ለጋሾችን ያገለለ ነው ብሎም አማረረ።

ስትሮንግ ገና ቢሮውን አላደራጀም ነበር። ሥራው ደግሞ የ17 ዓመት ልጆችን ቤት እየዞሩ እናትና አባት ማሳመን ነው። እናትየው «እነዚያ ሀብታሞች አይፈልጉህም ሲሉ ሰማሁ፣ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው?» ብትለው ምን ይመልሳል? ስትሮንግ በሦስት ዓመት 16 አሸንፎ 21 ተሸንፎ ተባረረ። ሽንፈቱን ሁሉ በመከምብስ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም፤ ስትሮንግ የራሱ ድክመት ነበረው። ግን በመጀመሪያው ሳምንት እግሩን መጥለፍ የጠቀመው ሰው የለም። መቃወም የሚፈልግ ከፊርማው በፊት ይቃወም። ከተፈረመ በኋላ መደገፍ፣ መደገፍ ካልተቻለ ዝም ማለት ይሻላል።

ከኤጀንት ጋር በትርፍ ጊዜ መደራደር

ይህንን በአጭሩ። በ2013 የአሶሺየትድ ፕረስ ዘገባ፣ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ የቴክሳስ የቦርድ አባል ዋላስ ሆልና የቀድሞው የቦርድ አባል ቶም ሂክስ ከኤጀንቱ ጂሚ ሴክስተን ጋር በስልክ እንደተነጋገሩ አወጣ። ወሬው የሴክስተንን ደንበኛ፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲን አሰልጣኝ ኒክ ሴባንን ስለ ማምጣት ነበር። ቴክሳስ በሥራው ላይ ያለ አሰልጣኝ ነበረው፣ ማክ ብራውን። ሴባን አልመጣም። በዓመቱ መጨረሻ አላባማ ውሉን አሻሻለለት። የአላባማ ለጋሾች ፋውንዴሽን በዚያው ዓመት መኖሪያ ቤቱን በ3.1 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶለታል፤ እርሱም እዚያው መኖሩን ቀጠለ።

በቢዝነስ የተሳካለት ሰው ድርድር እችላለሁ ብሎ ያስባል። ኤጀንት ግን ሥራው ይህ ነው። አንድ ባለሀብት ደውሎ ፍላጎት ማሳየቱ ብቻ ለደንበኛው የደመወዝ ጭማሪ ማስገኛ ይሆንለታል።

በፍርሃት ውል ማራዘም፣ በንዴት ውል መቅደድ

ገንዘቡ በትክክል የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2017 መጨረሻ ጂምቦ ፊሸርን በ10 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። የቀጠረው ዳይሬክተር ስካት ውድዋርድ ነው። ውድዋርድ በ2019 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደ። በ2021 ፊሸር ውድዋርድን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል የሚል ወሬ ተነሳ። ኤ ኤንድ ኤም ደነገጠ። ውሉን እስከ 2031 አራዘመ፣ ሁሉንም ክፍያ ዋስትና ሰጠበት። ያኔ ማንም ከፍ ያለ ድምፅ አላሰማም፤ ለጋሾቹም ደስ ብሏቸው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በኖቬምበር 2023 ቡድኑ ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ባሸነፈ ማግስት ፊሸር ተባረረ። ካሳው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። 19 ሚሊዮን ገደማው በ60 ቀን ውስጥ፣ የቀረው በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ገደማ እየሆነ እስከ 2031። ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ አይቀነስም። የኮሌጅ አሰልጣኝ ሳይሠራ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲከፈለው የመጀመሪያው ነው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡ ከስፖርት ክፍሉና ከለጋሾች ፋውንዴሽን ይወጣል አለ።

ውድዋርድስ? ሉዊዚያና ስቴት ላይ በ2021 ብራያን ኬሊን በ10 ዓመት 95 ሚሊዮን ቀጠረ። ኬሊ በኦክቶበር 2025፣ በኤ ኤንድ ኤም በሜዳው 49 ለ 25 በተሸነፈ ማግስት ተሰናበተ። ካሳው 54 ሚሊዮን ገደማ። በቀናት ውስጥ ውድዋርድም ራሱ ሄደ።

ከዚህ ጋር ፔን ስቴትን አስተያዩ። ያው ኦክቶበር ላይ ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያባርር 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት። ግን ውሉ ውስጥ አዲስ ሥራ ካገኘ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ነበር። ፍራንክሊን ቨርጂኒያ ቴክ ገባ፣ በስምምነት 9 ሚሊዮን ላይ ተዘጋ። አንድ አንቀጽ 40 ሚሊዮን ዶላር አዳነ።

እንዲህ ያለውን አንቀጽ የሚያስረሳው ምን መሰላችሁ? ጥድፊያ ነው። ከጀርባ «እኛ እንከፍላለን፣ አንተ ብቻ ፈርም» የሚል ሰው ሲኖር ዳይሬክተሩ እንደ ራሱ ገንዘብ አያስብም፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብም አያስብም። ጠበቃው ሊከራከርበት የሚገባው ሌሊት ላይ በስልክ ያልቃል። ባለሀብቱ ደግሞ ቃል የሚገባው ሲናደድ ነው፤ የሚከፈለው ግን ለስድስትና ሰባት ዓመት ነው። በዚያ መሐል ነዳጅ ይረክሳል፣ ባንክ ይወድቃል። የላውደር ኮሎኒያል ባንክ በ2009 ተዘግቷል። ስለዚህ ካሳውን እሸፍናለሁ የሚል ለጋሽ አሰልጣኙ ከመባረሩ በፊት ገንዘቡን ያስቀምጥ። ቃል ብቻ ከሆነ ውሳኔውም ይቆይ።

«የራሳቸው ገንዘብ ነው፣ ምን አገባን» ማለት

ይህ የእኛ የተመልካቾቹ ስህተት ነው፤ በተለይ ልጆቻችንን እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ የምንልክ ወላጆች።

ለስፖርት ፋውንዴሽን የሚሰጥ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ሰውየው ያልከፈለውን ግብር ሌላው ይሸፍናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ትልቅ የቴሌቪዥን ገቢ በሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርቱ በጀት ብዙው የሚመጣው ከተማሪው ኪስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ጄምስ ማዲሰን ባለ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርት ብቻ አንድ ተማሪ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ሲከፍል ኖሯል። አባት ሌሊቱን ታክሲ እየነዳ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ውስጥ ይህ አለ፤ ጨዋታ ገብቶ ላያይ ይችላል። የሚመጣውን የክፍያ ደረሰኝ ገልጣችሁ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተጽፏል ወይም ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የአሰልጣኙ ውልም በአብዛኛው በሕግ ሊጠየቅ የሚችል ሰነድ ነው።

ፖለቲከኛ መጋበዝ

ለጋሾች ሲከፋፈሉ ቀዳዳውን የሚሞላ ይመጣል። ኬሊ ሲባረር የሉዊዚያና ገዢ ጄፍ ላንድሪ ቀጣዩን አሰልጣኝ ውድዋርድ አይመርጥም፣ ከእርሱስ ዶናልድ ትራምፕ ቢመርጥ ይሻላል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ውድዋርድ በማግስቱ ለቀቀ። በመጨረሻ ሌን ኪፊን ከኦል ሚስ (ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) መጣ፣ በሰባት ዓመት 91 ሚሊዮን። ገዢው ስለ ትልልቅ ካሳዎች ያነሳው ቅሬታ እውነት አለው። ግን አንድ ዳይሬክተር በመግለጫ ሥልጣኑ ሲነጠቅ ቀጥሎ የሚመጣው ዳይሬክተር መጀመሪያ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ተጫዋቹን መርሳት

ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ የአሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ የብዙ ሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። በሜይ 2018 ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ፤ ጁን 13 ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሕክምናው እንደዘገየ አመነ። ያም ሆኖ ኦክቶበር 30 የበላይ ቦርዱ አሰልጣኝ ዲጄ ደርኪን በሥራው እንዲቀጥል አለ፣ ፕሬዝዳንቱ ዋላስ ሎ ደግሞ ጡረታ እንደሚወጣ ተናገረ። ከአሰልጣኙ ጎን የቆሙ ለጋሾች ነበሩ። ተማሪው ግን ተነሳ፣ አንዳንድ ተጫዋቾችም ስብሰባ ጥለው ወጡ። በማግስቱ ሎ አሰልጣኙን አሰናበተው፣ በሦስተኛው ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ ብሬዲ ለቀቀ።

ስለ አሰልጣኝ ሲወሰን በክፍሉ ውስጥ ልምምድ ላይ የሚውለውን ልጅ የሚወክል ሰው ካልተቀመጠ እንዲህ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ይሰማል፣ ልጁ አይሰማም። አሰልጣኝ የሚፈልገው ኮሚቴ ውስጥ የቡድኑ ሐኪም፣ ተጫዋቾችና ወላጅ ይግቡ። ይህ ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

የድሮው መስመር ዛሬም ያለ መምሰል

ከጁላይ 2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይከፍሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ የሚገኘውን ለጋሾች ያመጡታል። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ አሰልጣኝ ለቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለተጫዋች ስንት አላችሁ?» ብሎ ነው፣ መልሱም ያለው ባለሀብቱ ጋ ነው። ቴክሳስ ቴክን ተመልከቱ። ኮዲ ካምቤል በዚያ ቡድን ተጫውቶ ያለፈ፣ በነዳጅ የከበረ ሰው ነው። ለተጫዋቾች የሚከፍለውን ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢም ሆኗል። ቡድኑ በ2025 የሚጫወትበት ሊግ፣ የቢግ 12፣ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ አሰልጣኝ ሲወሰን ለጋሹና ቦርዱ በአንድ ወንበር ላይ ናቸው። ውጤቱ ስላማረ ማንም አይጠይቅም፤ መሸነፍ ሲመጣ ግን ዳይሬክተሩ እንዴት አድርጎ ለአለቃው እምቢ ይላል?

እምቢ ማለት እንደሚቻል ኦክላሆማ ስቴት አሳይቷል። ባለሀብቱ ቲ ቡን ፒከንስ በ2006 መጀመሪያ ለስፖርቱ 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ስታዲየሙ በስሙ ነው። ከአሰልጣኝ ማይክ ጋንዲ ጋር ግን ለዓመታት አልተግባቡም፣ ሰውየውም ቅሬታውን አልደበቀም። ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ተቀበለ፣ ቅሬታውን ሰማ፣ አሰልጣኙን አላባረረም። ፒከንስ በ2019 አረፈ። ጋንዲ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ቆይቶ የተሰናበተው ሲሸነፍ ነው።